ሐይቅ በጠርሙስ አይፈተንም

ሐይቅን ለማጥናት ቀላሉ ዘዴ የታወቀ ነው። ጀልባ ላይ ትወጣለህ፤ በጠርሙስ ውሃ ትቀዳለህ፤ ይዘኸው ላብራቶሪ ትገባለህ። ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ የፈለግኸውን ጨምረህ የሚሆነውን ታያለህ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ውጤቱም በቶሎ ይደርሳል። ችግሩ ጠርሙስ ሐይቅ አለመሆኑ ነው። ዓሣ የለበትም። ደለል የለበትም። ነፋስ አያናውጠውም፤ አየርም እንደልቡ አይገባበትም።

ዴቪድ ሺንድለር የተባለው ሳይንቲስት ዕድሜ ልኩን የሠራው ሥራ ከዚህች ቀላል ሐሳብ የተመዘዘ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሐይቅን ምን እንደሚያሳምመው ለማወቅ ከፈለግህ ሐይቁን ራሱን ጠይቀው፤ የእሱ መንገድ ይህ ነበር። ማዳበሪያ ሐይቅ ያበላሻል ወይ? ሐይቅ ፈልግና ማዳበሪያ ጨምርበት። አሲድ ዓሣ ይጨርሳል ወይ? በጀልባ ገብተህ አሲድ አፍስስበት። ሲሰሙት እብደት ይመስላል። ሐይቅ ለማዳን ብሎ ሐይቅ መበከል ምን የሚሉት ነገር ነው? እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንዲሁ ነው ያልኩት። ነገሩ ግን ወዲህ ነው።

(ከመቀጠሌ በፊት፦ እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሺንድለር በ1940 አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ ውስጥ ተወለደ። ያደገው ሐይቅ በሞላባት በሚኒሶታ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፊዚክስና ምህንድስና ነበር የጀመረው። በዕረፍት ወራት አንድ የሐይቅ ተመራማሪ ዘንድ ተቀጥሮ ሲሠራ ግን ልቡ ሸፈተ፤ ወደ እንስሳት ጥናት ዞረ። ቀጥሎ የሮድስ ስኮላርሺፕ አግኝቶ ኦክስፎርድ ሄደ። እዚያ ያስተማረው ቻርልስ ኤልተን ነው። ኤልተን ማን ማንን ይበላል የሚለውን ሰንሰለት የኢኮሎጂ (ሕያዋን እርስ በርሳቸውና ከአካባቢያቸው ጋር ያላቸውን ትስስር የሚያጠናው ሳይንስ) ዋና ጉዳይ ያደረገ ሰው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ይጠቅመናል።

በ1966 ዶክትሬቱን ይዞ ወደ ካናዳ ተሻገረ። ያኔ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሐይቆች ነገር ማሳሰብ ጀምሯል። ከሁሉም ስሙ የከፋው አሜሪካና ካናዳ የሚጋሩት ኢሪ ሐይቅ ነው። በሞቃቱ ወራት ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። አልጌው በነፋስ እየተገፋ ዳር ላይ ይከመራል፤ ይበሰብሳል፤ ይሸታል። ጋዜጦች «ኢሪ ሞተ» ብለው ጻፉ። እውነቱን ለመናገር ሐይቁ አልሞተም ነበር። እንዲያውም ሕይወት በዝቶበት ነው የታመመው።

ይሄ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሳይንቲስቶች ዩትሮፊኬሽን ይሉታል። እኛ «የሐይቅ ጥጋብ» ብንለው ያስኬዳል። አልጌ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ፍጥረት ነው። አብዛኛው ለብቻው በዓይን አይታይም። በልኩ ሲሆን የሐይቁ ሁሉ መሠረት እሱ ነው። ጥቃቅን እንስሳት ይበሉታል፤ እነሱን ትንንሽ ዓሦች ይበሏቸዋል፤ ትንንሾቹን ደግሞ ትልልቆቹ። ንጥረ ምግብ ሲበዛ ግን አልጌው የሚበሉትን ቀድሞ ይባዛል። ሳይበላ የቀረው ይሞትና ወደ ታች ይሰምጣል። እዚያ ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል። እሱን ሲያበሰብሱ ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል።

ጥልቅ ሐይቅ ደግሞ በሞቃቱ ወራት እንደ ፎቅ ቤት ይከፈላል። ሞቃቱ ውሃ ቀለል ስለሚል ላይ ይቀመጣል፤ ቀዝቃዛው ከብዶ ታች ይቀራል። ሁለቱ አይቀላቀሉም። ስለዚህ ታች ያለቀውን ኦክስጅን ከላይ መጥቶ የሚተካው የለም። ቀዝቃዛ ውሃ የሚወድ ዓሣ እንግዲህ የት ይግባ? ላይ ቢወጣ ሙቀቱ፣ ታች ቢወርድ መታፈኑ። ሐይቅ በጥጋብ ሲሞት የምናየው አረንጓዴውን ነው፤ ግድያው የሚፈጸመው ግን ታች በጨለማው ውስጥ ነው።

ታዲያ ሐይቁን ያጠገበው ምንድን ነው? በ1960ዎቹ መጨረሻ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነበር። አልጌ ለማደግ ብዙ ነገር ይፈልጋል፤ ዋነኞቹ ካርቦን፣ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ናቸው። በክብደት ሲሰላ አልጌ ለያንዳንዷ 1 ግራም ፎስፈረስ 7 ግራም ገደማ ናይትሮጂንና 40 ግራም ገደማ ካርቦን ይፈልጋል። ፎስፈረስ ከሦስቱ ትንሹ ነው ማለት ነው። ጉልበቱም ያለው ከዚሁ ትንሽነቱ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ሞልቶ እሱ ብቻ የጎደለበት ሐይቅ ውስጥ 1 ግራም ፎስፈረስ ብትጥል፣ እስከ 500 ግራም የሚመዝን እርጥብ አልጌ ሊወጣህ ይችላል።

ያኔ ፎስፈረስ ወደ ሐይቅ በብዛት ይገባ የነበረው በሁለት በር ነው፦ በፍሳሽ ቆሻሻና በዱቄት ሳሙና። ሳሙና አምራቾች ፎስፌት (ፎስፈረስ ያለበት ውህድ) የሚጨምሩት ውሃው ውስጥ ያሉትን ካልሲየምና ማግኒዚየም እንዲይዝላቸው ነው። እነሱ ከተያዙ ሳሙናው ሥራውን በደንብ ይሠራል። ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ፎስፌት የሆነ ዱቄት ሳሙና ያን ጊዜ እንግዳ ነገር አልነበረም። የታጠበበት ውሃ በቱቦ ወርዶ ወንዝ ይገባል፤ ወንዙ ሐይቅ ይገባል። በቃ።

ኢንዱስትሪው ይህን መስማት አልፈለገም። ጥፋተኛው ፎስፈረስ ሳይሆን ካርቦን ነው የሚል ክርክር ተነሣ። ዝም ብሎ የተፈጠረ ሰበብ ግን አልነበረም፤ ማስረጃ ነበረው። ማስረጃው ታዲያ ከየት መጣ? ከጠርሙስ! የሐይቅ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርገህ ካርቦን ብትጨምርበት አልጌው በእርግጥም ያድጋል። ጠርሙስ ውስጥ ካርቦን በቶሎ ያልቃላ፤ ከአየር የሚገባው ትንሽ ነው። ሐይቅ ግን ሰፊ ፊቱን ለሰማይ የሰጠ ነው። ከላዩ ያለው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል፤ ነፋሱ ውሃውን ባናወጠው ቁጥር ይቀላቀልበታል። ይህን ግን በጠርሙስ ማሳየት አይቻልም። ጉንጭ አልፋ ክርክር ማለት እንዲህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው፣ ሁለቱም ወገን ሐይቁን አልጠየቀም።

ካናዳ አንድ ደፋር ነገር አደረገች። በ1968 በሰሜን ምዕራብ ኦንታርዮ፣ ከኬኖራ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው ያልሰፈረበት የጫካ መሬት ላይ ያሉ ሐይቆችን ለምርምር ብቻ ለየች። ሐይቆቹ 58 ናቸው። ቦታው የሙከራ ሐይቆች አካባቢ ተባለ። ሐሳቡን ከገፉት ሰዎች አንዱ ጃክ ቫለንታይን የተባለ አንጋፋ የሐይቅ ሳይንቲስት ነው። ምርምሩን እንዲመራ የተመረጠው ደግሞ ገና የ28 ዓመቱ ወጣት ሺንድለር ነበር። ኑሮው የካምፕ ኑሮ ነው። ሐይቆቹ የሚታወቁት በቁጥር ነው። ቁጥሮቹ ግን በዓለም ዙሪያ የሐይቅ ሳይንስ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሆነው ቀሩ፦ 227፣ 304፣ 226፣ 223።

የመጀመሪያው 227 ነው። ይህች ትንሽ ሐይቅ በካርቦን የደኸየች ነበረች፤ የተመረጠችውም ለዚሁ ነው። ካርቦን ነው ወሳኙ የሚሉት ልክ ከሆኑ፣ ፎስፈረስና ናይትሮጂን ብቻ ቢጨመርባት ምንም መሆን የለበትም። በ1969 ተጨመረ። ሐይቋ አረንጓዴ ሆነች። አልጌው የጎደለውን ካርቦን ከአየር ስቦ አመጣው። በኔ ግምት ክርክሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም።

304 ላይ ተቃራኒው ተሞከረ። ለሁለት ዓመት ሦስቱም ንጥረ ነገሮች ተጨመሩባት፤ አረንጓዴ ሆነች። ከዚያ በ1973 ፎስፈረሱ ብቻ ቆመ፤ ናይትሮጂኑና ካርቦኑ መፍሰሳቸውን ቀጠሉ። አልጌው ወዲያው ቀነሰ። እንግዲህ ይህ ከባድ ነገር ነው። በሽታ መፍጠር አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ አንሥቶ ሲድን ማሳየት ሌላ ነው።

ከሁሉ የገነነው ግን 226 ነው። ሐይቁ መሃሉ ላይ ቀጠን ብሎ ሁለት ገንዳ የሚመስል ነው። ሺንድለርና ባልደረቦቹ በ1973 ቀጭኑ ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጠንካራ የፕላስቲክ መጋረጃ ዘረጉ። አንድ ሐይቅ ሁለት ሆነ። በአንዱ በኩል ካርቦንና ናይትሮጂን ጨመሩ። በሌላው በኩል ካርቦን፣ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ። ልዩነቱ ፎስፈረሱ ብቻ ነው። ዝናቡ አንድ፣ ፀሐዩ አንድ፣ ነፋሱ አንድ፣ ዓሣው አንድ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአውሮፕላን ፎቶ ተነሣ። በመጋረጃው በአንዱ በኩል ውሃው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ድሮም እንደነበረው። በሌላው በኩል ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ፎቶው የአካባቢ ሳይንስ ከሚያውቃቸው ምስሎች ሁሉ ዝነኛው ሳይሆን አይቀርም። ኬሚስትሪ የማያውቅ የምክር ቤት አባል፣ ዳኛም ይሁን ከንቲባ፣ አንድ ጊዜ አይቶት ነገሩ ይገባዋል። ሺንድለር ውጤቱን በ1974 ሳይንስ መጽሔት ላይ አሳተመ። ሰንጠረዦቹ ብቻ ቢሆኑ ስንት ሰው እንደሚያነባቸው መገመት አያቅትም። ፎቶው ግን አፍ አስያዘ።

እዚህ ላይ «ለምን ፎስፈረስ?» የሚለውን በደንብ እንየው፤ የቀረው ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ካርቦን አየር ውስጥ አለ። ናይትሮጂንም አለ፤ እንዲያውም ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱ ነው። አብዛኛው አልጌ የአየሩን ናይትሮጂን መጠቀም አይችልም። አንዳንድ ሳያኖባክቴሪያዎች ግን፣ በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባሉት፣ ይችላሉ። ናይትሮጂን ሲጎድል እነሱ ከአየር እየሳቡ ይኖራሉ። ፎስፈረስ ግን አየር ውስጥ በጋዝ መልክ የለም ማለት ይቻላል። ወደ ሐይቅ የሚመጣው ከመሬት ነው፦ ከድንጋይ፣ ከአፈር፣ ከፍሳሽ፣ ከማዳበሪያ። ስለዚህ መቆጣጠር የሚቻለው እሱን ነው። ካርቦኑንና ናይትሮጂኑን ብትዘጋባቸው በሰማይ በኩል ይመጣሉ፤ ፎስፈረስ የሰማይ በር የለውም።

ፖሊሲውም ከሙከራዎቹ ጎን ለጎን ተራመደ። ካናዳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ደረጃ በደረጃ አስቀነሰች። በ1972 አሜሪካና ካናዳ የታላላቅ ሐይቆችን የውሃ ጥራት ስምምነት ተፈራረሙ። የፍሳሽ ማጣሪያዎች ፎስፈረስ እንዲለዩ ተደረገ። የኢሪ ሐይቅ ውሃ በቀጣዮቹ ዓመታት ተሻሻለ። ሳሙናውም ያለ ፎስፌት ልብስ ማጠብ አላቃተውም፤ ያ ሁሉ ግርግር ለዚህ ነበር እንዴ ያሰኛል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ስሙን ተክሎ ይቀመጥ ነበር። ሺንድለር ወደ አሲድ ዞረ።

በ1970ዎቹ የአሲድ ዝናብ መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ ማመንጫዎችና የማዕድን ማቅለጫዎች ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለቃሉ። ጋዙ ከደመና ጋር ተዋህዶ አሲድ ሆኖ ይወርዳል፤ አንዳንዴ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ፣ የሌላ አገር መሬት ላይ። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ይባላል። 7 መሐል ነው፤ ከዚያ በታች ሲወርድ አሲድ ነው። መለኪያው ሰውን ያታልላል። ከ7 ወደ 6 ሲወርድ አንድ ቁጥር ብቻ የቀነሰ ይመስላል፤ አሲድነቱ ግን 10 እጥፍ ጨምሯል። ከ6 ወደ 5 ሌላ 10 እጥፍ።

ላብራቶሪ ውስጥ ዓሣን በአሲድ ውሃ መፈተን የተለመደ ነው። ገንዳ ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ፒኤቹን ታወርዳለህ፤ መቼ እንደሚሞት ትመዘግባለህ። በዚህ መንገድ ትልቅ ዓሣ ፒኤች 5 አካባቢ እንኳ እንደሚተርፍ ታየ። እንግዲያው ችግር የለም? ሺንድለርና ቡድኑ ከ1976 ጀምረው 223 በተባለችው ሐይቅ ላይ ከጀልባ ሰልፈሪክ አሲድ ማፍሰስ ጀመሩ። በአንዴ አይደለም፤ በየዓመቱ ቀስ እያሉ። ከ6.8 የተነሣው ፒኤች በ1981 ወደ 5.0 ወረደ። አሲድነቱ ከ60 እጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው።

የሐይቋ ትልቁ አዳኝ ዓሣ ትራውት ነው። ትራውቱ በአሲዱ አልሞተም። የላብራቶሪው ግምት በዚህ በኩል ልክ ነበር። የሚበላው ግን አለቀ። ፒኤቹ ገና 6 አካባቢ ሲደርስ፣ ብዙዎች «ምንም አይልም» የሚሉት ደረጃ ላይ፣ ሽሪምፕ የሚመስሉ ጥቃቅን እንስሳት ጠፉ። ከዚያ ትራውቱ የሚመገባቸው ትንንሽ ዓሦች መራባት አቆሙ። ክሬይፊሽ የሚባሉት ሰርጣን መሰል እንስሳትም ተመናመኑ። ከሙከራው በፊትና በኋላ የተነሡት የትራውት ፎቶዎች ያሳዝናሉ። የመጀመሪያው ሞላ ያለ ጤነኛ ዓሣ ነው። የኋለኛው ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ሰውነቱ እንደ ዱላ የቀጠነ። በረሃብ ነው ያለቀው። የኤልተን ተማሪ ማን ማንን እንደሚበላ አልረሳም ነበር። ገንዳ ውስጥ ያለ ዓሣ ምግቡን ሰው ይሰጠዋል፤ ሐይቅ ውስጥ ያለውን ማን ይመግበው?

ይህ ግኝት በ1985 ሲታተም የአሲድ ዝናብ ክርክር መልኩ ተለወጠ። ጉዳቱ የሚጀምረው ትልልቆቹ ዓሦች ሲሞቱ ሳይሆን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የሞተ ዓሣ እስኪንሳፈፍ የጠበቀ መንግሥት ዘግይቷል። በ1991 ካናዳና አሜሪካ የአየር ጥራት ስምምነት ፈረሙ። አሲድ የፈሰሰባት 223 ግን ደግ ነገርም አሳይታ ነበር። ታች ደለሉ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ከሚገባው አሲድ ከፊሉን ራሳቸው ያረክሱታል። ልቀቱ ከቆመ ሐይቅ በራሱም ጉልበት ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ ያልታሰበ ጥቅም ልለፍ። እነዚያን ሐይቆች ለሙከራ ሲያዩ ሰዎቹ በየዓመቱ ሙቀታቸውን፣ በረዷቸው መቼ እንደሚቀልጥ፣ ምን ያህል ዝናብ እንደወረደ ይመዘግቡ ነበር። አሰልቺ ሥራ ነው። ማንም ሽልማት አይሰጥበትም። 20 ዓመት ሲሞላ መዝገቡ ተገለጠ። አየሩም የሐይቁ ውሃም 2 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሞቋል፤ ሐይቁ ከበረዶ ነጻ የሚሆንበት ጊዜ በ3 ሳምንት ገደማ ረዝሟል። ሺንድለርና ባልደረቦቹ ይህን በ1990 አሳተሙ። የአየር ንብረት ለውጥ ገና የብዙ ሰው ወሬ ባልሆነበት ዘመን ነው።

በ1989 ካምፑን ትቶ ወደ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ነበር። በ1991 የስቶክሆልም የውሃ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የተሰጠው ለእሱ ነው። ከሥራ ውጭ ያለው ፍቅሩ በረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ የሚጎትቱ ውሾች ነበሩ፤ ያረባቸው፣ ይወዳደርባቸው ነበር። አልበርታ ግን የነዳጅ ክፍለ ሀገር ናት። ሐይቅና ወንዝ የሚወድ ሰው እዚያ ብዙ ሳይቆይ ጠብ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ጠቡ በአታባስካ ወንዝ ምክንያት መጣ። በዚያ አካባቢ መሬቱ ውስጥ ከአሸዋ ጋር የተጣበቀ ዝልግልግ ድፍድፍ ነዳጅ አለ። ተቆፍሮ ይወጣል፤ ይታጠባል፤ ይጣራል። ወንዙ ውስጥ መርዛማ ነገር ሲገኝ የሚሰጠው መልስ «ወንዙ ድሮም ነዳጅ ያዘለ መሬት አቋርጦ ነው የሚፈሰው፤ ተፈጥሮ ነው» የሚል ነበር። መልሱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ለዚህም ነው ያስቸገረው። እንደ ካርቦኑ ክርክር ማለት ነው።

ሺንድለርና ባልደረቦቹ ወንዙን ብቻ አልለኩም። በረዶውን ለኩ። በበረዶው ወራት ከሰማይ የወረደው ሁሉ መሬት ላይ ተደራርቦ ይቆያል፤ አየሩ ያወረደውን በሙሉ እንደ መዝገብ ይዞ። ከመሬት በታች ያለ ነዳጅ ደግሞ በረዶ አናት ላይ አይወጣም። ስለዚህ በረዶው ውስጥ የሚገኘው ከአየር የመጣ ነው። የነዳጅ ማጣሪያዎቹ አጠገብ ብክለቱ ከፍተኛ ነበር፤ እየራቁ ሲሄዱ ይቀንሳል፤ እስከ 50 ኪሎ ሜትር ድረስ ይታያል። ጥናቶቹ በ2009 እና በ2010 ወጡ። ሜርኩሪ፣ እርሳስና አርሴኒክን የመሳሰሉ ነገሮች ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ወንዙን ተከትለው የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ዓሦቹ ተለወጡ እያሉ ለዓመታት ሲናገሩ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብለው ነበር። ሺንድለር በ2010 እነዚያን አካለ ጎደሎ ዓሦች ጋዜጠኞች ፊት አቀረባቸው። ያኔ ሰማ፣ መንግሥት። አጣሪ ቡድኖች ተቋቋሙ፤ በ2012 የፌዴራሉና የአልበርታ መንግሥት አዲስ የጋራ የክትትል ዕቅድ አወጡ።

ሳይንቲስት እንዲህ በአደባባይ መናገር አለበት ወይስ መረጃውን አስቀምጦ ዝም ይበል? በዚህ ላይ ሰዎች ይለያያሉ። ለኔ ግን የበረዶው ጥናት መልሱን የሰጠ ይመስለኛል። መጀመሪያ ለካ፤ ቀጥሎ ተናገረ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው።

ሁሉም ክርክር ግን በእሱ አሸናፊነት አላለቀም። በ2008 እሱና ባልደረቦቹ የ227ን የ37 ዓመት ታሪክ ይዘው መጡ። ለዚያች ሐይቅ የሚሰጠው ናይትሮጂን ቀስ በቀስ ተቀንሶ በ1990 ሙሉ በሙሉ ቆሞ ነበር፤ ፎስፈረሱ ብቻ ቀጠለ። ሐይቋ ግን አረንጓዴ እንደሆነች ቀረች። የጎደለውን ናይትሮጂን ሳያኖባክቴሪያዎቹ ከአየር አመጡት። የሺንድለር መደምደሚያ ግልጽ ነበር፦ ናይትሮጂን ለማስወገድ ገንዘብ አታፍስሱ፤ ፎስፈረሱን ያዙ። ሌሎች ሳይንቲስቶች አልተስማሙም። ከአየር የሚሳበው ናይትሮጂን ሁልጊዜ ጉድለቱን አይሞላም ይላሉ፤ ከመርዛማዎቹ ሳያኖባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ናይትሮጂን ከአየር መሳብ እንደማይችሉና ስለዚህ ናይትሮጂን ሲበዛ እንደሚጠቀሙም ያስረዳሉ። ደግሞ የሐይቁ ናይትሮጂን መጨረሻው ባሕር ነው፤ የባሕር ዳርቻ ውሃ የራሱ ሕግ አለው። ክርክሩ የቀጠለ ነው። እኔ በዚህ ላይ ፍርድ መስጠት አልችልም።

ኢሪም ተመልሶ ታመመ። በነሐሴ 2014 የሐይቁ ምዕራብ ጫፍ ላይ ማይክሮሲስቲን የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ሳያኖባክቴሪያ ተስፋፋ። ኦሃዮ ውስጥ ባለችው ቶሌዶ ከተማና በአካባቢዋ ከ400,000 በላይ ሰዎች የቧንቧ ውሃ እንዳትጠጡ ተባሉ። ማፍላትም አይጠቅምም ነበር፤ መርዙ በመፍላት አይጠፋም። ፎስፈረስ ተይዟል ተብሎ አልነበረም እንዴ? የተያዘው በቱቦ የሚመጣው ነው። ቱቦ አንድ አፍ አለው፤ አፉ ላይ ማጣሪያ ታስቀምጣለህ። የአሁኑ በብዛት የሚመጣው ከእርሻ ነው። በሺዎች ከሚቆጠሩ ማሳዎች ዝናብ እያጠበ በሞሚ ወንዝ በኩል ያስገባዋል። ማንን ትከሳለህ? የቱ ማሳ ላይ ማጣሪያ ታደርጋለህ? በዚያ ላይ ደለሉ ራሱ ያለፉትን ዓመታት ፎስፈረስ አከማችቶ ይዟል። ታች ኦክስጅን ሲያልቅ፣ ከብረት ጋር ተጣብቆ የነበረው ፎስፈረስ ይለቀቅና ወደ ውሃው ይመለሳል። ሐይቅ የድሮ ዕዳውን ራሱ ለራሱ እየከፈለ ይቀጥላል። 304 በፍጥነት ያገገመችው ሁለት ዓመት ብቻ ስለጠገበች ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የጠገበ ሐይቅ እንዲያ አይድንም።

የሙከራ ሐይቆቹ ቦታም ሊዘጋ ደርሶ ነበር። በ2012 የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ገንዘብ መስጠት አቆማለሁ አለ። ከመላው ዓለም ሳይንቲስቶች ተቃወሙ፤ ሺንድለርም አልቆጠበም። በ2014 አንድ ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ተረከበው፤ ቦታው ተረፈ። በመዘጋቱ የሚጠፋውን ለመገመት እሱ ከሄደ በኋላ የተሠራ አንድ ሥራ ልጥቀስ። ከ2001 እስከ 2003 ተመራማሪዎች 260 በተባለው ሐይቅ ላይ በእርግዝና መከላከያ እንክብል ውስጥ ያለውን ሆርሞን ጨመሩ፤ በከተማ ፍሳሽ ውስጥ በሚገኘው ያህል ትንሽ መጠን። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ባሕርይ አወጡ፤ ከትንንሾቹ ዓሦች አንዱ ዝርያ ከሐይቁ ሊጠፋ ደረሰ። ሆርሞኑ ከቆመ በኋላ ግን ዓመታት ወስዶ ተመለሰ። ይህንንም ጠርሙስ አይነግርህም።

ሺንድለር በመጋቢት 2021፣ በ80 ዓመቱ አረፈ። 227 በተባለችው ትንሽ ሐይቅ ላይ ግን ሥራው ከእሱ በኋላም የሚቀጥል ዓይነት ነው። በሞቃቱ ወራት ሰዎች በጀልባ ይገባሉ፤ ከ1969 ጀምሮ እንደሚደረገው የተለካ ፎስፈረስ ያፈስሳሉ፤ ውሃ ይቀዳሉ፤ ይመዘግባሉ። ውሃውን የሚቀዱት በጠርሙስ ነው፤ ሙከራው ግን ጠርሙሱ ውስጥ አይደለም።